ከድባጤ ስመለስ

«ጋዲሴ እህቴ፣ ማሽኑ ደግሞ ቆመ» አለች ሰዕዲያ በስልክ። ኩርሙክ አካባቢ ያለች የጤና ኬላ ሠራተኛ ናት። «አጥፍቼ አበራሁ። ግን ነገ እኔ የወሊድ ፈቃድ እወጣለሁ። ከነገ ወዲያ ማን ያጠፋል፣ ማን ያበራል?»

ጋዲሴ የምትሠራው አሶሳ በሚገኘው የጥገና ክፍል ነው። ማሽኑ የክትባት ማቀዝቀዣውን ሙቀት እየለካ ወደ እሷ የሚልክ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። በየሦስት ቀኑ ደርቆ ይቆማል። ያኔ ማቀዝቀዣው ቢሞቅ የሚያውቅ የለም፤ የሕፃናቱ ክትባት ተበላሽቶ ይቀራል።

«ዛሬ እሠራዋለሁ» አለች ጋዲሴ።

ችግሩ የት እንዳለ ካወቀች አራት ዓመት ሆኗታል። የሙቀት መለኪያውን ከከርነሉ፣ ከማሽኑ ዋና ፕሮግራም ጋር የሚያገናኘውን ድራይቨር የተባለ ትንሽ ፕሮግራም የጻፈው አንለይ ነው፤ የፓዌ ልጅ፣ እጮኛዋ። መለኪያው መልስ ሳይሰጥ በቀረ ቁጥር ድራይቨሩ የያዘውን ሜሞሪ ሳይለቅ ይወጣል። ጥቂት በጥቂት ሜሞሪው ያልቅና ማሽኑ ይቆማል። አንለይም ያውቅ ነበር። ስሕተቱ ካለበት መስመር በላይ ለራሱ ማስታወሻ ጽፏል፦ «እዚህ ጋ ሜሞሪው መለቀቅ አለበት። ከድባጤ ስመለስ።»

ድባጤ የሄደው በ2013 ዓ.ም. እዚያ ከተነሣው ግጭት አጎቱን ሊያወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ አየሁት ያለ ሰው የለም፤ ሞቷል ያለም የለም። ጋዲሴም ተመልሶ ራሱ እንዲጨርሰው ያንን መስመር ሳትነካ ሥራውን አቆየችለት።

ረፋዱ ላይ የመልቀቂያውን ትእዛዝ ጻፈች። ጠረጴዛዋ ላይ ባለው የሙከራ ማሽን ብትጭነው ማሽኑ ወዲያው ቆመ። ቸኩላለች፤ ድራይቨሩ ገና እየተጠቀመበት ያለውን ሜሞሪ ነበር ያስለቀቀችው። የአንለይን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ አነበበች። ስሞችን ሁሉ በሁለት ፊደል እያሳጠረ ይጽፍ ነበር፤ ስትቆጣው ይስቃል። ሳቁን ለማስታወስ ሞከረች፤ አፉ ታያት እንጂ ድምፁ አልመጣላትም።

ትእዛዙን ድራይቨሩ ሜሞሪውን ተጠቅሞ ከሚጨርስበት መስመር በታች አወረደችው። የመለኪያውን ሽቦ እየነቀለች ሰካች፤ ሃምሳ ጊዜ፣ መቶ ጊዜ። የቀረው ሜሞሪ ቁጥር ንቅንቅ አላለም።

አሁን የቀራት ማስታወሻው ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ደመሰሰች፤ ሥራው አልቋልና። ሁለተኛው፣ «ከድባጤ ስመለስ» የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ደጅ ዝናብ ጀምሮ እስኪያባራ ድረስ ተቀመጠች። ከዚያ ደመሰሰችውና ድራይቨሩን ወደ ኩርሙክ ላከች።

«ማሽኑ ተነሣ፣ እየሠራ ነው» አለች ሰዕዲያ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደውላ።

«በሰላም ያገላግልሽ» አለቻት ጋዲሴ።

ስልኩን ከእጇ አላስቀመጠችም። ፓዌ ላሉት ለአንለይ እናት ለእትዬ መነን ከደወለች ዓመት አልፏታል። «ወሬ አለ?» እንዳይሏት ትፈራ ነበር። ደወለች።

«እትዬ፣ ጋዲሴ ነኝ።»



«ልጄ» አሉ እትዬ መነን፣ «አንቺም መጠበቁን ተውሽው ብዬ ነበር።»



«እትዬ፣ እርስዎ ዘንድ ልምጣ?» አለች ጋዲሴ።