ከመጽሐፉ የወጡት ሽማግሌ

የክልሉ ምክር ቤት ታሪክ ጸሐፊ ናት። እንግዳ ታስጎበኛለች፣ ከግድግዳው ፎቶዎች ሥር የሚለጠፈውን ጽሑፍ ታሰናዳለች፣ ጡረታ የወጡ አባላትን ቤታቸው ድረስ ሄዳ ድምፃቸውን ትቀዳለች። ባልደረቦቿ «የሙታን ጸሐፊ» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም «ሙታን ቢያንስ አይጨቀጭቁኝም» ብላ ትስቃለች።

የምክር ቤቱን ታሪክ በመጽሐፍ እንድታዘጋጅ ስትታዘዝ፣ መጀመሪያ የሄደችው አንድ ሽማግሌ ዘንድ ነው። ሽማግሌው በጎልማሳነታቸው አባል ነበሩ። የወንዝ ዳር ነዋሪዎች ከነልጆቻቸው ይነሱ የሚለውን ሕግ ብቻቸውን ተቃወሙ። ከመድረኩ አልወርድም ቢሉ ዘበኞች እጅና እግራቸውን ይዘው አወጧቸው፤ ከአባልነትም ተሰረዙ። ከዚያ ወዲህ ደፍሮ ሥራ የሰጣቸው ሰው የለም።

«ታሪኬ መጽሐፉ ላይ ይወጣል ልጄ?» አሏት ሲሸኟት።

«እኔ እያለሁ? ይወጣል እንጂ አባባ!»

አፈ ጉባኤው ረቂቁን አንብቦ ቢሮው አስጠራት። ሽማግሌው እንዲባረሩ ሐሳብ ያቀረበው የእሱ አባት ነበር።

«እህቴ፣ የሞተ ነገር ምን ያስቆፍረናል?»

«ሰውዬው አልሞቱም፣ ክቡርነትዎ።»

«የሳቸው ምዕራፍ ከመጽሐፉ ይውጣ» አለ፤ ቀና ብሎም አላያት።

የአባላቱን ደጅ ጠናች። ሁሉም ከንፈሩን መጠጠላት እንጂ አንድም የተናገረላት የለም። ሥራዬን ልልቀቅ ብላ ተነሳች፤ አልጋ ላይ የዋሉት እናቷ ትዝ ሲሏት ዋጥ አደረገችው። መጽሐፉ ያለዚያ ምዕራፍ ታተመ።

ለሽማግሌው ራሷ ልትነግራቸው ሄደች። በሩን የከፈተችው ልጃቸው ፊቷ በርቷል።

«ገዛሁላቸው እኮ! ከጠዋት ጀምሮ ከእጃቸው አልወጣም።»

ሽማግሌው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው መጽሐፉን አፍንጫቸው ሊነካ እስኪደርስ አስጠግተውታል።

«እሰይ፣ መጣሽልኝ! ይኼ ዓይኔ ጉድ ሠራኝ። ደጋግሜ ገለበጥኩት፣ የኔን አላገኘሁትም። እስቲ ገጹን አውጪልኝ።»

መጽሐፉን ተቀበለቻቸው። ሳትገልጠው ያዘችው።

«የለም አባባ። አወጡት።»



«ዓይኔ አይደለማ» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ያንቺ ስም ግን ሽፋኑ ላይ አለ። እሱን አይቻለሁ።»

ልጃቸው በሩን ከፍታ ቆመች።

ሽማግሌው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። አፈ ጉባኤው «ለቀድሞ አባላችን» የሐዘን መግለጫ እንድትጽፍ አዘዛት። እንዴት እንደተባረሩ ጻፈች፤ ተሰርዞ ተመለሰላት። ወረቀቱን ፊቷ አስቀምጣ ብዙ ቆየች። ከዚያ «በቅንነት ያገለገሉ» ብላ ጀመረች፤ ይኼኛው አንድም ቃል ሳይነካበት አለፈ።