የማይፈለግ የሰው ድምፅ

ልብስ ሰፊው በሞተ በሦስተኛው ወር ሚስቱ የሱቁን በር በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባችና ልጇ ፊት ቆመች።

«ፊቱ አለ» አለች፣ ሰላም እንኳ ሳትል። «ዓይኔን ስጨፍን ከነመነጽሩ ድቅን ይላል። ድምፁ ግን ጠፋብኝ። ከትናንት ወዲያ ጀምሬ ብፈልግ ብፈልግ የለም። መቼም አንቺ የበር ሲጥሲጥታ ሳይቀር ስትቀጂ ነው የኖርሽው፤ የአባትሽን አንድ ቃል አታጪም።»

ልጅቷ ቀና አላለችም። ላፕቶፗን የዘረጋችው በአባቷ የስፌት መኪና ገበታ ላይ ነበር።

«የለኝም እማዬ።»

«ፈልጊያ!»

«የለም አልኩሽ እኮ! የለም ማለት የለም ነው።»

«እሺ» አለች እናት። መሬት የወደቀውን መቀስ አንስታ ምስማሩ ላይ ሰቀለችና ወጣች።

ያቺ «እሺ» ልጅቷን ወጋቻት። ነበረና። የአባቷ ድምፅ ነበረ፤ ያጠፋችው ደግሞ ራሷ ናት።

ሰፈሩ «ሊቋ» ይላታል፣ ግማሹ በአድናቆት፣ ግማሹ በሽሙጥ። የአባቷን ሱቅ ግማሽ ይዛ ስልክ ትጠግናለች፤ ሙያውን ማንም አላስተማራትም፣ ይህንንም ሳትጠየቅ ትናገራለች። እጇ ስራ ሲፈታ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ የምትውልበት አንድ ትልቅ ማከማቻ አለ። ማንም ሰው ያነሳውን ፎቶ፣ የቀዳውን ድምፅ እዚያ ያስቀምጣል፤ ማንም ሰው ሳይከፍልና ሳያስፈቅድ ወስዶ ይጠቀምበታል። እሷ ጥቂት ነገር አስቀምጣ፣ ብዙውን ጊዜዋን ሌላው ሰው ያስቀመጠውን በማበጠር ነው የምታጠፋው። የልጁን ልደት፣ የአክስቱን ሠርግ የሚጭን ሰው ከተገኘ ሊቋ አትምርም። «ይህ ማከማቻ እንጂ የቤተሰብ አልበም አይደለም» ትለዋለች። ዓረፍተ ነገሩን ከመውደዷ የተነሳ በየጊዜው እንዳትጽፈው አስቀምጣዋለች፤ እየገለበጠች ትለጥፈዋለች።

ያን ማከማቻ ስታገላብጥ ነው አንድ ቀን በእግር የሚሠራ የስፌት መኪና ድምፅ እንደሌለበት የደረሰችበት። የአውሮፕላኑ፣ የወፍጮው፣ የውሻው ዓይነት በዓይነት አለ፤ የአባቷ መኪና ግን የለም። ደሟ ፈላ። ከሰዓት በኋላ በሩን ዘጋች፣ ስልኳን የታጠፈ ሱሪ ላይ አስቀመጠችና «በል አባዬ፣ ስፋ» አለችው።

ሰውየው ችግር ነበረበት። ሳያወራ መስፋት አይችልም። መኪናዋን «እሜቴ» ይላታል፤ ሃያ ስምንት ዓመት ያነጋገራት እንደ አኩራፊ ሚስት ነው።

«ነይ እንጂ እሜቴ! ዛሬ ደግሞ ምን ሆንሽ? ክሩን ነው የጠላሽው እኔን?»

«አባዬ! እንደገና።»

እንደገና ሰፋ። እንደገና አወራ። አንዴ ሳል ያዘው፣ አንዴ «ውይ፣ ረሳሁት!» ብሎ ሳቀ። ስድስት ጊዜ ተበላሸ። በሰባተኛው እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳረፈና ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣

«ይቺ ልጄ እኮ ታዋቂ ልታደርገን ነው፣ እሜቴ» አለ።

«አባዬ! ለአንዲት ደቂቃ አፍህን መዝጋት ያቅትሃል? አንተን ማን መስማት ፈልጎ ነው!»

ፔዳሉ ቆመ።

«እሺ የኔ ልጅ። ዘጋሁ።»

ከዚያ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሰፋ። ጥርት ያለ፣ እንከን የማይወጣለት ደቂቃ።

በችኮላ ሳትቆርጠው ጫነችው። ሲመሽ መልሳ ስትሰማው የገዛ ጩኸቷ ጆሮዋን ጠለዘው። አባቷ አልነበረም ያሳፈራት፤ ዓለም እሷን እንዲህ ሆና እንዳይሰማት ነው። መጀመሪያውን ቆርጣ ንጹሑን ደቂቃ በቦታው ተካችና የመጀመሪያው ቅጂ ከነጭራሹ እንዲጠፋ አመለከተች። ቅጹ ምክንያት ጠየቃት። «የማይፈለግ የሰው ድምፅ» ብላ ጻፈች። ከስልኳም ሰባቱን ሁሉ አጠፋች፣ ቦታ ይዘውባት ነበር።

ንጹሑ ደቂቃ አገር ለአገር ዞረ። አንዱ የልጆች ጨዋታ ውስጥ ከተተው፣ ሌላው ስለ ፋብሪካ ሴቶች የሚያወራ ፊልም ላይ አስገባው። አባትየው ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሲከፍት «ዛሬስ ስንት ሰው ሰማን?» ይላታል፤ እሱንና እሜቴን ማለቱ ነው። ቁጥሩን ስትነግረው ጢሙን እየዳበሰ ፈገግ ይላል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ይሰፋል። ዝም ብሎ። ከዚያች ቀን ወዲህ እሷ ባለችበት እሜቴን አነጋግሯት አያውቅም። ሊቋ ይህን ያስተዋለችው እሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ በሕይወት እያለማ ጸጥታው ተመችቷት ነበር።

አሁን እናቷ እንደወጣች የዚያን ፋይል ታሪክ ከፈተች። ቀኑ፣ የእሷ መጠሪያ፣ ምክንያቱ፤ ሁሉም ተሰድሯል። ማከማቻው የጠፋ ነገር ይደብቃል እንጂ አይጥልም፤ ማከማቻውን የሚቆጣጠሩት ጠባቂዎች ከፈቀዱ ይመለሳል። «ለጥናት ስለሚጠቅም ይመለስልኝ» ብላ ጻፈች።

ከጠባቂዎቹ አንዱ ብዙም ሳይቆይ መለሰላት። «ያስጠፋሽው አንቺው ነሽ። ዛሬ ምን ተገኘ? የቤተሰብ አልበም አለመሆኑን መቼም ለአንቺ አይነገርሽም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ልክ ልኩን ነግራ ታሳርፈው ነበር።  አሁን ግን ማንም በሚያነበው ገጽ ላይ ጻፈች፤ «ድምፁ የአባቴ ነው። ሞቷል። እናቴ ልትሰማው ትፈልጋለች፣ ሌላ የለንም። ምክንያቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

የመጨረሻዋን ቃል እዚያ ማከማቻ ውስጥ ጽፋት አታውቅም።

«ነፍስ ይማር፣ እህቴ» አለ ጠባቂው። «ለሁሉም ክፍት አድርጌ ልመልሰው ደንቡ አይፈቅድልኝም። እስከ ነገ ቀትር ግን እከፍትልሻለሁ። አውርደሽ ያዢው።»

አወረደችው። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ሰማችው። ከዚያ፣ እጇ የለመደውን አደረገ፤ ቆረጠ። «ይቺ ልጄ እኮ ታዋቂ ልታደርገን ነው፣ እሜቴ» የሚለውን ብቻ ለይታ ከሙሉው ጎን ስልኳ ላይ አስቀመጠች። አምስት ሰከንድ። እናቷ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች?

ቤት ስትገባ እናት ወጥ ቤት ሰሃን ታደርቅ ነበር። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አስጠጋችላት። እናት ሰማች። ጨርቁን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች።

«እሱ ነው» አለች። «ወይኔ፣ እሱ ራሱ ነው!» ትንሽ ቆይታ፣ «ከዚያስ?»

«ይኸው ነው።»

«አታሞኚኝ። አባትሽ ነገር ጀምሮ እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ነው?»

 ሊቋ ስልኩን ከእናቷ ጆሮ አንስታ ሙሉውን ከፈተችው።

የገዛ ድምፅዋ በወጥ ቤቱ ጮኸ። አንተን ማን መስማት ፈልጎ ነው። ቀጥሎም ያ የለሰለሰው፣ እሺ የኔ ልጅ፣ ዘጋሁ። እናቷ እንድትሰድባት፣ እንድትረግማት ጠበቀች፤ ብትሰድባት በቀለላት። እናት ግን ወደ እሷ አልዞረችም። «እንደገና» አለች።

ደገመችላት። «እንደገና።» ሠለሰችላት።

በአራተኛው ሊቋ ከ«ዘጋሁ» በኋላ ልታቆመው ስትል እናት እጇን ያዘቻት። «ተዪው፣ ይቀጥል።»

«ከዚህ ወዲያ እኮ መኪናው ብቻ ነው፣ እማዬ።»

«ዝም በይ፣ ስሚ።»

መኪናዋ ትሰፋለች። ሊቋ ይህችን ደቂቃ መቶ ጊዜ ሰምታታለች፤ ከመቶ ሺህ የማያንስ ሰውም ሰምቷታል። እናት ዓይኗን ጨፍና፣ በጣቷ የሰሃን መደርደሪያውን በስፌቱ ልክ ትመታለች። ድንገት ጣቷ ቀስ አለ፤ ፔዳሉም ለቅጽበት ቀስ አለ፣ ከዚያ ቀጠለ።

«እዚህ ጋ ሊናገር ነበር» አለች እናት። «ሰማሽ? ዋጠው።»

ሊቋ ሰማች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር፣ አልጠረገችውም።

ስፌቱ ሄደ፣ ሄደና እንደገና ላላ።

«ይኸው» አለች እናት፣ ጣቷን አየር ላይ አቁማ። «እዚህም ጋ።»