ባለቤት የሌለው ፎቶ

ዲንቄ ዱሬሳ የዚያን ዕለት ጠዋት ወደ ልጇ ትምህርት ቤት የሄደችው ለወላጆች ስብሰባ አልነበረም፤ ለጠብ ነው። ለአለቃዋ "ልጄን ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው" ብላ ዋሽታ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳለች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጥብቅ አድርጋ አስራለች፤ የአሥራ አራት ዓመቷን ሲፋንን ክንዷን ጨብጣ ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ እየጎተተች አውርዳታለች። ልጅቷ እናቷን "አዮ፣ በፈጠረሽ ተይኝ! ለምን ታዋርጂኛለሽ?" እያለች ታለቅሳለች። ማን ሊሰማት! ዲንቄ ከተነሳች ተነሳች ነው፤ መሪ ሰፈር የሚያውቃት ሁሉ ይህን ያውቃል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሐሙስ ነው። ሲፋን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ ተኛች። ዓርብም አልተነሳች፤ ሰኞም ማክሰኞም "ራሴን" አለች። ግንባሯ ቢዳሰስ ትኩሳት የለ፤ ምግብ ሲቀርብላት ደግሞ ትበላለች። የስምንተኛ ክፍል የከተማ ፈተና ሊደርስ የቀረው አምስት ሳምንት ነው። ዲንቄ ይቺን ልጅ እዚያ ፈተና ላይ ለማድረስ ጉርድ ሾላ ባለው ሕንፃ ስንት ጠዋት የሰው ሽንት ቤት እንዳጠበች እሷና ፈጣሪዋ ናቸው የሚያውቁት። ይኸው ልጅት ተጋድማ ጣሪያ ትቆጥራለች! መጀመሪያ "የወንድ ነገር ይሆናል" ብላ ጠረጠረች። ስልኳን ልታይባት ብትል ሲፋን ትራሷ ሥር ሸጉጣ ተኛችበት።

ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ፣ ምድር ላይ ሱቅ ያላት ሳፊያ ጠራቻት። የሳፊያ ልጅ ሀውላ ከሲፋን ጋር አንድ ክፍል ናት።

"ዲንቄ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው" አለቻትና የሀውላን ስልክ አዞረችላት።

ስልኩ ላይ አንዲት ሴት አለች። ወገቧ ላይ ከእሷ የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ፣ ገመዱ ደረቷን ሰንጥቆት፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚያወርደው ጭቃ ላይ አጎንብሳለች። አንዱ ኮንጎ ጫማዋ በሽቦ ታስሯል። ከፎቶው በታች በትልልቁ "የደን ጭፍጨፋ በእንጦጦ" የሚል ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ ተማሪዎቹ የሠሩት ሌላ ጉድ አለ፤ ያንኑ ፊት ቆርጠው የአህያ ጆሮ ቀጥለውለት፣ "የሲፋን እናት፣ ሎዲንግ…" ብለው ጽፈውበት፣ በክፍሉ ቴሌግራም ሲቀባበሉት ሰንብተዋል።

ዲንቄ ሽቦውን የት ወድቆ እንዳነሳችው ሳይቀር አስታወሰች።

"ማን ነው ይሄን ያወጣው?"

"የሶሻል መምህራቸው ነው አሉ። ከኢንተርኔት አውርዶ በቲቪ አሳያቸው። ሳያውቅ ነው መሰለኝ…"

"ሳያውቅ? ዓይን የለውም?"

ያነሳትም ሰውዬ ትዝ አላት። ፈረንጅ ነው፤ ቁልቁለቱ መሐል በጉልበቱ ተንበርክኮ ጠበቃት። "ሂድ" ልትለው አፏን ብትከፍት ትንፋሽ አጠራት። እጇን ልታነሳ ብትል ሸክሙ ሊጥላት ሆነ። እሱ ቀጭ ቀጭ አድርጎ፣ አውራ ጣቱን ቀስሮላት ሄደ። አሥራ አንድ ዓመት ተሸክማ፣ ከዚያ ሸክም ከወጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መሪ ከገቡ ወዲህ ስለዚያ ዘመን ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ጎረቤት "ድሮ የት ነበራችሁ?" ሲላት "ወዲያ ማዶ" ብላ ወሬ ትለውጣለች። ይኸው ደብቃ የኖረችውን አንድ ጎረምሳ መምህር ቲቪ ላይ ሰቀለላት!

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እናትና ልጅ ከርዕሰ መምህርቷ ከሮማነወርቅ ቢሮ ገቡ። ሲፋን በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ቀረች። ዲንቄ "ይቀመጡ" ብትባልም አልተቀመጠችም። ሳፊያ የላከችላትን ፎቶ ከፍታ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገችው።

"ይቺ እኔ ነኝ። ይሄን የሰቀለው መምህር ይጠራልኝ።"

መምህር ጌድዮን ፍላሽ ዲስኩን በጣቱ እያሽከረከረ መጣ። ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ዓርብ ሱፐርቫይዘሮች መጥተው የሚያዩትን ሞዴል ትምህርት እያዘጋጀ ስለነበር መጠራቱ አናዶታል። ስልኩን አየ፤ ዲንቄን አየ፤ እንደገና ስልኩን አየ።

"እናቴ፣ ይሄ ፎቶ እኮ ነጻ ነው" አለ። "ሰርቄ ያመጣሁት አይደለም። ለትምህርት የሚሆን ነጻ ፎቶ የሚለቀቅበት ዌብሳይት አለ። ማንም ሰው ሳያስፈቅድ መጠቀም ይችላል፤ እዚያው ተጽፏል።"

"ማን ነው የፈቀደው?"

"ባለቤቱ ነዋ።"

"ባለቤቱ ማን ነው?"

"ያነሳው ሰውዬ።"

"አሃ! እኔ ተሸክሜ፣ እሱ ባለቤት!" ዲንቄ በእጇ ደረቷን መታች። "ይሄ ፊት የማን ነው? ያ ወገብ የማን ነው? አንተ ነጻ ስላገኘኸው እኔ በነጻ የተሸከምኩት መሰለህ?"

"ወይዘሮ ዲንቄ፣ ረጋ ይበሉ" አለች ሮማነወርቅ።

"አልረጋም! ደግሞ የደን ጭፍጨፋ ይላል! ምን አይተህ ነው ጭፍጨፋ ያልከው? ይሄ ቅጠል ነው፤ የወደቀ ቅጠል! በመጥረጊያ ጠርገን ነው የምንሰበስበው። ዛፉን የሚጥለውማ በአይሱዙ ጭኖ ነው የሚሄደው፤ እሱን ፎቶ አንስታችሁ አሳዩአ! ወንድ ከሆናችሁ!"

የጌድዮን ጆሮ ቀላ። እሱም በቃውና ድምፁን ከፍ አደረገ።

"እርስዎ እኮ እዚህ ቤት ያለውን ችግር አያውቁም! አንድ መጽሐፍ ለሦስት ተማሪ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካርታ እንኳ የለንም። በራሴ ዳታ፣ በራሴ ስልክ አውርጄ፣ ልጆቹ እንዲገባቸው ብዬ ነው የምለፋው። ልጆቹ እዚህ ከመጡ ወዲህ እንዲህ ያለ ትምህርት አይተው አያውቁም። ምስጋናው ይሄ ነው?"

"የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማህም? ማሳየት ካማረህ የራስህን እናት አሳይ!"

ጌድዮን ፍላሹን ኪሱ ከተተው። ቀጥሎ የተናገረው ከቁጣ ይልቅ በእልህ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እየመረጠ።

"እሺ። አንድ ነገር ልንገርዎት። ተማሪዎቹ 'የሲፋን እናት ናት' እያሉ ሲስቁ ዝም አስብያለሁ። ከዚያ ልጅዎን በክብር ጠየቅኋት፤ 'ሲፋን፣ የምታውቂያት ሴት ናት?' አልኳት። 'አላውቃትም' አለችኝ። ሃምሳ ስምንት ተማሪ ምስክሬ ነው። 'እናቴ ናት' ብትል ኖሮ ያኔውኑ አጠፋው ነበር።"

ዲንቄ ወደ በሩ ዞረች።

"እውነቱን ነው?"

ሲፋን ዓይኗን ሳታነሳ የግድግዳውን ቀለም በጥፍሯ መላጥ ጀመረች። ዲንቄን እዚያው በጥፊ ልትላት አማራት፤ እዚያው ደግሞ አሳዘነቻት። አፍ የፈታችበት ቤት ያስተማራት ይህንኑ አይደል? ማነው ለጎረቤት "ወዲያ ማዶ" እያለ ያሳደጋት? ቢሆንም፣ ቢሆንም! "አላውቃትም"! ባዳ እንኳ እንዲህ አይልም።

ሮማነወርቅ ነገሩን ቶሎ ልትጨርሰው ፈለገች። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"መፍትሔው ቀላል ነው። መምህሩ አሁን የሚያስተምሩት የእነ ሲፋንን ክፍል ነው፤ አብረን እንገባለን። እርስዎ መሆንዎን በተማሪዎቹ ፊት ይናገሩ። መምህሩ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ፎቶው ይጠፋል፤ ያንን የአህያ ጆሮ የሠራውም ተለይቶ ይቀጣል። ፎቶው ላይ ያለችው ሴትዮ ሲፋንም የማታውቃት ሌላ ሰው ከሆነች ግን፣ ለዓርብ የተዘጋጀ ትምህርት በጥርጣሬ አላስለውጥም።"

"እንግባ!" አለች ዲንቄ። ይቅርታውን ልትሰማ ቸኩላ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ሲፋን ነጠላዋን ይዛ ጎተተቻት። ፊቷ አመድ መስሏል።

"አዮ፣ 'እኔ ነኝ' ካልሽ ተመልሼ አልገባም።"

"ምን?"

"ፈተናውንም አልፈተንም። ሥራ አስገቢኝ፤ ከአንቺ ጋር ሽንት ቤት ልጠብ። ከዚያ በኋላ ግን በዚህ በር አላልፍም፤ እወቂው።"

"አፍሽን ዝጊ" አለቻት ዲንቄ። ልጇን ግን ታውቃታለች፤ ግትርነቷ የማን ሆነና! ያለችውን ታደርገዋለች።

ክፍሉ ታፍጓል። በአንድ ወንበር ሦስት ሦስት ሆነው ተጣብቀዋል። ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ የተሰቀለው ቲቪ በርቷል፤ ያቺው ሴት ሸክሟን እንደተሸከመች እዚያ ላይ ቆማለች። ስልክ ላይ ትንሽ ነበረች፤ እዚህ ግን የአንገቷ ሥር ሁሉ ተገትሮ ይታያል። ተማሪዎቹ ለርዕሰ መምህርቷ ብድግ አሉ፤ ዲንቄን ሲያዩ ከኋላ አንዱ በአፍንጫው ሳቀ። ሌላው "ዝም በል ባክህ" እያለ ራሱ ይንፈቀፈቃል። ሲፋን መቀመጫዋ ጋ አልሄደችም፤ በሩ ላይ፣ አንድ እግሯን ውጭ አድርጋ ቆመች።

"ተቀመጡ" አለች ሮማነወርቅ። "እኚህ የሲፋን እናት ናቸው። ስለዚህ ፎቶ ጉዳይ ነው የመጡት። ወይዘሮ ዲንቄ፣ እዚህ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት?"

ሃምሳ ስምንት ጥንድ ዓይን አፈጠጠባት። ዲንቄ ቲቪውን አየች። አሥራ አንድ ዓመት! በዝናብ፣ በጥበቃ ዱላ፣ ያንን ቁልቁለት ጥርሷን ነክሳ የወረደችው አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ቆሞ "ነኝ በይ" ይላታል። ብትል ምን ነበረበት? ያ ጎረምሳ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይጠይቃት ነበር። ወደ በሩ ደግሞ አየች። የሲፋን ውጭ ያለው እግር ሊሄድ ተነስቷል።

"አይደለሁም" አለች።

"ምን አሉ?" ሮማነወርቅ የሰማችውን አላመነችም።

"አይደለሁም አልኩ! እኔ ጉርድ ሾላ ቢሮ ነው የምሠራው። ይቺን ሴትዮ አላውቃትም።" ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞረች፤ ቁጣዋ መውጫ አጥቶ ነበርና እነሱ ላይ ወጣ። "እናንተ ግን የማታውቋት ሴት ላይ ምን ያስገለፍጣችኋል? የማንኛችሁ እናት ናት በሊሞዚን የወለደችው? ሁለተኛ የልጄን ስም ከዚህ ጋር የጠራ፣ በዓይኔ መጣ! መሪ መኖሬን አትርሱ፤ ቤት ለቤት እመጣለሁ!"

የሳቀም የለ። አንድ ሁለቱ ስልካቸውን ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱ። ሲፋን አንገቷን ደፍታ ገባችና ሀውላ አጠገብ ተቀመጠች። እናቷን ቀና ብላ አላየቻትም።

ሮማነወርቅ ዲንቄን በክርኗ ይዛ ኮሪደር አወጣቻትና በሩን ገጠም አደረገች።

"ይቀልዱብናል እንዴ? አንድ መምህር ቢሮ ድረስ አስጠርተው በእናቱ ተሳድበው፣ አሁን 'አይደለሁም'?"

"ዓይኔ ነው። ከሩቅ አያይም።"

"ይህንን በጽሑፍ ይፈርሙልኛል። ነገ ተመልሰው 'ነኝ' እንዲሉኝ አልፈልግም።"

"እፈርማለሁ" አለች ዲንቄ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን መጣሏን ታውቃለች፤ ከሁለቱ ግን የትኛው ቆጥ፣ የትኛው ብብት እንደሆነ መለየት አቅቷታል።

ከበሩ ወዲያ የጌድዮን ድምፅ ተሰማ። ነፍስ ዘርቷል። ልክ ነዋ፣ ጸድቋል!

"እሺ፣ ወደ ትምህርታችን። ዓርብም እንዲህ ነው የምጠይቃችሁ። ይህቺ ሴት ምን እያደረገች ነው?"

የእናትየዋ ስድብ ገና ጆሯቸው ላይ ነው።

"ማንም የለም? ለፈተና የሚመጣ ጥያቄ እኮ ነው… እሺ፣ ሲፋን።"

ወንበር ሲንሸራተት ተሰማ። ያልጠራችው ተስፋ ድንገት የዲንቄ ደረት ውስጥ ተነሳ፤ ትላለች፣ አሁን ትላለች፣ ቢያንስ "ቅጠል ነው" ትላለች።

"ደን እየጨፈጨፈች ነው" አለች ሲፋን። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር፤ ለቀናት ራሱን ያመመው ሰው ድምፅ አይመስልም።

"መንስኤውስ?"

"ድህነትና የግንዛቤ እጥረት።"

"ጎበዝ! በጣም ጎበዝ! ሦስት ጊዜ አጨብጭቡላት!"

አጨበጨቡላት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ኮሪደሩን ሞላው። ሮማነወርቅ እንኳ ሳታስበው ፈገግ አለች።

"ይኸው፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት" አለች። "ሦስት ቀን ቀርታ እንኳ አልረሳችም።"

የዲንቄ እጅ የበሩ እጀታ ላይ ነበር። በርግዳ ልትገባ፣ ልጅቷን በጸጉሯ ጎትታ ያ ቅጠል እንዴት ጡት ሆኖ እንዳሳደጋት ልትነግራት፣ ቲቪውንም ከግድግዳው ልትነቅለው ነበር። ቀስ ብላ እጀታውን ለቀቀችው። ልጅቷ ገብታለች፤ ወንበሯ ላይ ናት፤ ደብተሯን ከፍታለች። የመጣችው ለዚህ አይደል?

"ቆይ ማታ!" አለች በሆዷ። ማታም አንዲት ቃል እንደማትተነፍስ ግን ያኔውኑ አውቃዋለች።