የታችኛዋ ቀዳዳ

ሥራዋ ውሃ መርጨት ነበር። ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲላት እንዲህ ብላ ትመልስና የሰሚውን ፊት እያየች ትስቃለች። ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ግን የሚስቅባት አልነበረም። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚገጠምባቸው፣ የሰው ቁመት የሚያህሉ የላሜራ ሳጥኖች ተበይደውና ቀለም ተቀብተው እሷ ፊት ይቀርባሉ። ውስጣቸው ጋዜጣ ታነጥፋለች፣ በራቸውን ትቆልፋለች፣ ከዚያ ቱቦዋን ይዛ ከላይ፣ ከጎን፣ ከማጠፊያው ሥር ሩብ ሰዓት ሙሉ ታወርድባቸዋለች። ሲከፈት ጋዜጣው ደረቅ ከሆነ ማህተሟን ትመታለች። አንዲት ጠብታ ካረፈችበት በያጁ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። ሠራተኛው ሁሉ ዝናቧ ይላት ነበር፤ ገሚሱ በፍቅር፣ ገሚሱ በንዴት።

ዋናው በያጅ የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ጋሼ ትለዋለች። ዕድሜውን ላሜራ ሲያጣብቅ የኖረ፣ ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ ሰው። ከስምንት ወር በፊት እዚህ ሥራ ያስገባትም እሱ ነው። ወዶ አይደለም፣ ባሏ ነዝንዞት ነው። ጋሼ ቦታውን ያሰበው ለገዛ ልጁ ነበር፣ ልጅቷም እስከ ዛሬ ቤት ተቀምጣለች። ይህን ዝናቧ ታውቃለች፤ ማወቋን ጋሼም ያውቃል። ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ወሬው ወደዚያ ማምራት ሲጀምር አንዱ ተነስቶ በር ይዘጋል፣ ሌላው ስለ አየሩ ያወራል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ተፈትሸው ያለፉ ሳጥኖች በሚቀመጡበት መጋዘን ውስጥ አንዱ በጀርባው ተኝቶ አገኘችው። ለከተማው የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ከተሠሩት አሥራ ሁለቱ አንዱ ነው። ከወለሉ ጥግ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያላት ቀዳዳ አየች። ቀዳዳዋ በኢንጂነሩ ሥዕል ላይ የለችም፣ እሷ ስትፈትሸውም አልነበረችም። ማህተሙ ግን የእሷው ነው። ጎንበስ ብላ በአጫጭር እግሮች የቆሙትን የሌሎቹን ሆድ በጣቷ ዳበሰች፤ አምስቱ እንደዚሁ ተበስተዋል።

ኢንጂነሩ ሥራ በያዘ ሰሞን ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ ከሥዕሉ ውጭ አንዲት ቀዳዳ የበሳ ሰው በዚያው ቀን ይሰናበታል ብሏል። ይህን ያልሰማ የለም። እንግዲህ ይህን ሁሉ የደፈረው ማነው? ደግሞስ ከእሷ ማህተም በኋላ መሆኑ ለምንድን ነው? ውሃ ቢገባ የሚጠየቀው ማህተሙ የማን ነው ተብሎ አይደል? አንድ ነገር ሸተታት፣ የሸተታትንም ነገር አልወደደችውም።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ከቀለም በርሜሎቹ ጀርባ ተቀምጣ ጠበቀች። ብዙም አልቆየች። ጋሼ ትንሿን የብረት መብሻ ትራፓኖ በጃኬቱ ሸፍኖ ገባ። አንዱን ሳጥን እንደ ሕፃን በቀስታ አስተኛና ጥጉን በሳ። የቀዳዳዋን አፍ በሞረድ አለሰለሰ፣ ከኪሱ ባወጣት ቡሩሽ ቀለም ቀባ፣ ብናኙን በመዳፉ ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። ዝናቧ ከበርሜሎቹ ጀርባ ሁሉንም አየች። ዱካውን ማጥፋቱ! ለተንኮል እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው በዕድሜዋ አላየችም።

ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

«ጋሼ፣ ምሳ ሰዓት ላይ የት ነው የምትጠፋው?»

«መጋዘኑ ጥላ አለው። ጋደም እላለሁ» አለ፣ ዓይኑን ከብየዳው ሳያነሳ።

ቤት እንደገባች ለባሏ ነገረችው።

«ወንድሜ እንዲህ አያደርግም» አለ ባሏ። «ጠይቂው እስቲ።»

«ጠየቅኩት። ዓይኔን እያየ እንኳ አልዋሸኝም፣ ብረቱን እያየ ነው የዋሸኝ።»

«እንደገና ጠይቂዋ!»

«ልጁን እኔ ቦታ ሊያስቀምጥ ነው። እስክባረር ልጠብቅልህ?»

ባሏ ተነስቶ ወደ መኝታው ሄደ። እሷም ከዚያ በኋላ መልስ የምትፈልግ ሰው አልነበረችም። እንዲያውም ያለፈው ሁሉ መልኩን ለወጠባት። ባለፈው ወር ጋሼ «ማህተምሽን አደራ» ያላት ምክር ነበር ወይስ ማስፈራሪያ? ሲያልፍ ሰላም ሳይላት የቀረ ቀን በሐሳብ ተውጦ ነበር ወይስ ጥርስ ነክሶባት? አንድ በአንድ እያወጣች መረመረችው፣ ሁሉም ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ።

አርብ ጠዋት፣ ገና ማንም ሳይገባ፣ ሲሊኮን ይዛ መጋዘን ገባች። አሁን አሥራ ሁለቱም ተበስተዋል። እየተንበረከከች ቀዳዳዎቹን ደፈነች። አሥራ አንደኛው ላይ ሲሊኮኑ አለቀባት። ግድግዳ ሥር ያለውን የመጨረሻውን ቆይቼ እመለስበታለሁ ብላ በቀጥታ ወደ ኢንጂነሩ ቢሮ ሄዳ ማን እንደበሳቸውና እንደደፈነቻቸው ተናገረች።

ጋሼ ተጠራ። ኢንጂነሩ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«በስተሃል?»

«በስቻለሁ።»

«ውሃ እንዳይገባበት የተሠራን ሳጥን?»

«ታች መውጫ ያስፈልገዋል» አለ ጋሼ። «ድሮም እንደዚያ ነው የምንሠራው።»

«ሥዕሉ ላይ የታለ? አሳየኝ።»

ጋሼ ሥዕሉን አላየም። ዝናቧን ነበር ያየው፤ እሷ ወለሉን ታያለች። መሣሪያውን አስረክቦ ሲወጣ በሩ ላይ ጠበቃት።

«ቀዳዳዎቹን ምን አደረግሻቸው?»

«ደፈንኳቸው።»

«ክፈቻቸው» አለ፣ ሌላ ሳይጨምር ሄደ።

እየወጣ እንኳ ሊያስበላኝ ይፈልጋል! አለች በሆዷ። በዚህ ንዴት ላይ እያለች መኪናው መጥቶ ሳጥኖቹን ጫነ፣ አሥራ ሁለተኛውም ከነቀዳዳው ሄደ።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት የኢንጂነሩ ስልክ ጮኸ። የፓምፕ ጣቢያው ቆሟል፣ ከተማው ውሃ ካጣ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ኢንጂነሩ ዝናቧን ይዞ ገሰገሰ። የጣቢያው ጠባቂ፣ ቦቲ ጫማ ያደረጉ ሽማግሌ፣ የመጀመሪያውን ሳጥን በር ሲከፍቱት ውሃ እግራቸው ላይ ተደፋ። ውስጥ ያሉት ማብሪያና ሽቦዎች አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል። ሁለተኛውም ያው፣ ሦስተኛውም ያው።

«ይሄ ሰውዬ!» ብሎ ጮኸ ኢንጂነሩ። «እኛ ያላየነው ቦታ ሌላ ቀዳዳ በስቷል። በቂም ነው! ዛሬውኑ ለፖሊስ ነው የምሰጠው።»

ዝናቧ የበሩን ጎማ ዳበሰች፤ እንደ አዲስ ነው። በባትሪ መብራት ጣሪያውን፣ ጎኑን፣ ብየዳውን ሁሉ ፈለገች። ጋሼ የበየደው መስመር ላይ መርፌ የሚያስገባ ክፍተት የለም። ውሃው ግን አለ። ከጫፍ ያለው የመጨረሻው ሳጥን ብቻ መብራቱ እየበራ፣ በደኅና ይሠራል። ከፈተችው። ደረቅ ነው። ተንበርክካ ከሥሩ እጇን ሰደደች፣ ጣቷ ከቀዳዳዋ ላይ አረፈ።

«ከእናንተ ጋ ድሮ የሚመጡት ሁሉ እንደዚህኛው ነበሩ» አሉ ሽማግሌው። «ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። እርጥብ አየር ሽቦው በሚገባበት በኩል ይሾልካል፣ ላሜራው ከውስጥ ያልበዋል። ላቡ መውጫ ካጣ የት ይሂድ?»

ዝናቧ ጣቷን ከቀዳዳዋ አወጣች። ዝም ማለት ትችል ነበር። ኢንጂነሩ ጥፋተኛውን አግኝቷል፣ ስልኩንም አውጥቷል።

«አይደውሉ» አለች። «ሌላ የበሳው ነገር የለም። ውሃው መውጫ ያጣው እኔ ስለደፈንኩት ነው። ይህን ያልደፈንኩት ሲሊኮን አልቆብኝ ነው።»

ኢንጂነሩ «ሥዕሉ ላይ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ነገ ሥራው ላይ ይገኝ በይው አላት።

ከዚያ ቀጥታ ጋሼ ቤት ሄደች። ደጁ ላይ የጎረቤት መስኮት ፍርግርግ ሲበይድ ደረሰች። ሲያያት ብየዳውን አጠፋ፣ ጭምብሉን ወደ ላይ ገፋ። ሁሉንም ነገረችው፤ ውሃውን፣ ዝገቱን፣ ሲሊኮኑን፣ ልጁን በእሷ ቦታ ሊያስገባ ነው ብላ መጠርጠሯን ሳይቀር። እያለቀሰች ይቅርታ ለመነችው።

«ግን ጋሼ፣ ስጠይቅህ ለምን ዋሸኸኝ? ያኔ እውነቱን ብትነግረኝ ኖሮ...»

«ፈርቼ ነው።»

«ኢንጂነሩን?»

«አንቺን» አለ። «ማህተሙ ያንቺ ነው። ካወቀች ትናገርብኛለች ብዬ ነው ተደብቄ ስበሳ የከረምኩት። ማታ ማታ ደግሞ የወንድሜን ሚስት ጠረጠርኩ፣ ይቅር በለኝ እያልኩ ፈጣሪዬን ስለምን ነበር።»

የብየዳ ዘንጉን አነሳ።

«ለካ ይቅርታውን በከንቱ ነው የለመንኩት» አለና ጭምብሉን መልሶ አወረደ።