አማቴ ያልቀመሱት ድንች

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔም አልረሳሁም። ሙሽራ ሆኜ የመጀመሪያውን ምሳ ባቀረብኩ ቀን አማቴ የድንች ጥብሴን በሹካ ጫፍ ገፋ አድርገው፣ «ይሄን ደግሞ ማን ይበላዋል? ለውሻው ስጡት» አሉ። አልቀመሱትም። ቀምሰው ቢተፉት እንኳ ይሻለኝ ነበር። ውሻው ጥርግ አድርጎ በላው። ምስክሬ እሱ ብቻ ነበር፣ እሱም ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ እኛ ቤት በተሰበሰበ ቁጥር ድንቹን እሠራለሁ፣ እሳቸውም ሳህኑን ወደ ጎን ያደርጉታል። እልኸኛ ነኝ። ሌላ ነገር ብሠራ የተሸነፍኩ ይመስለኛል። ባለቤቴን አንድ ቀን፣ «ምናለ አንዲት ቃል ብትናገርልኝ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እማዬ እንደሆነች ታውቂያት የለ፣ ተያት» አለኝ። መተው የሚባል ነገር ደግሞ አልፈጠረብኝም። የምፈልገው እኮ ትንሽ ነገር ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይጥማል» እንዲባልልኝ ነው። ያንን ካልሰማሁ ግን እሳቸውም እንደኔው በሰው ፊት ሲያፍሩ ማየት አለብኝ። በአፌ አንቱ እላቸዋለሁ፣ በሆዴ ግን አንቺ ካልኳቸው ቆይቷል።

ለሁሉም ጊዜ አለው። ባለፈው ሳምንት የአማቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲያጥቡት ከእጃቸው አምልጦ ለሁለት ተሰበረ። ጥርስ ሠሪው ጊዜ እንደሚፈልግ ነግሮ መለሳቸው። የእሁዱ ምሳ ተራ ደግሞ የእኛ ነበር። ባለቤቴ ስልኩን ዘጋና፣ «እማዬ ማኘክ አትችልም፣ ምሳውን እናስተላልፈው እንዴ?» አለኝ።

«ለምን ብለን? ለእሳቸው ሾርባ እሠራላቸዋለሁ» አልኩት። ሳቄ እንዳያጋልጠኝ ፊቴን ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዞርኩ።

ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው ይላሉ። እኔ ግን አልጸለይኩም፣ ድንች ነው የላጥኩት። ይሄ ድንች ሥራው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ እሱ ደግሞ ሞልቶኛል። ከፋፈልኩና ጨው ባለው ውሃ ቀቀልኩት። ዳር ዳሩ ለስለስ ሲል ውሃውን ደፋሁ። እንፋሎቱ እስኪወጣለት ሳልከድን ተውኩት፣ እርጥብ ድንች ይላሽቃል እንጂ አይጠበስም። ከዚያ ድስቱን ከድኜ በሁለት እጄ ይዤ ናጥኩት፣ ገላው እስኪሻክር ድረስ። ቅርፊት የሚያወጣው የሻከረው ነው። ድስቱን ስንጥ የማንን ትከሻ የያዝኩ እንደመሰለኝ አልናገርም።

ዘይቱን በትሪ አድርጌ ፎርኖ ውስጥ አጋልኩት፣ ድንቹ ሲገባበት ቸስ አለ። አንዱ አንዱን እንዳይነካ አራርቄ ደረደርኩት። ሌላ ጊዜ አንዴ አገላብጬ ቀላ ሲል ነው የማወጣው። ያን ቀን ግን ቀላም ብሎ አላወጣሁትም፣ ቅርፊቱ እስኪደርቅ ተውኩት። ነጭ ሽንኩርቱንና የጥብስ ቅጠሉን መጨረሻ ላይ ጣል አደረግኩ፣ ቀድሞ ከገባ ያርራል፣ ይመራልም። ሳወጣው በማንኪያ መታ መታ ባደርገው እንደ በር ተንኳኳ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አማቴ አፋቸውን በሻርፕ ሸፍነው ከጠረጴዛው ራስ ተቀመጡ። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። ባለቤቴ ከጎናቸው ሆነ፣ እህቱና ባሏ ፊት ለፊት። ሾርባውን ሆን ብዬ ኩሽና ትቼ ትሪውን እሳቸው ፊት አስቀመጥኩት።

«እማማ፣ ዛሬ እንኳ አይግፉብኝ፣ ይቅመሱልኝ» አልኩ፣ ማር ማር በሚል ድምፅ። ትልቁን መርጬ ሳህናቸው ላይ አደረግኩላቸው።

የባለቤቴ እህት ቀና ብላ አየችኝ። ገብቷታል። አማቴ ሹካቸውን ሊተክሉበት ሲሉ ተንሸራተተና ድንቹ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። በእጃቸው አነሱት። ከሻርፑ ሥር አስገብተው ትንሽ ታገሉትና መልሰው አወጡት። ከላዩ ጨው ብቻ ነበር የጎደለው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ ቆሜ አያለሁ። አልደብቅም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

«እንዴት ነው ታዲያ?» አልኳቸው።

አማቴ ድንቹን ባለቤቴ ሳህን ላይ አስቀመጡት። «እኔማ በምን አውቄው? ጥርስ እያለኝ ትዕቢቴ አላስቀመሰኝም፣ ዛሬ ደግሞ ድዴ እምቢ አለ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ ንገራት እስቲ። አንተ ጥርስ አለህ።»

ባለቤቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቱን አየ። «ምን እላታለሁ? ጥሩ ነው። ሁልጊዜም ጥሩ ነው።»

«ሁልጊዜ?» አሉ አማቴ።

«አዎ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ያኔ ለውሻው የተሰጠ ቀን እንኳ ትሪው ላይ የቀረውን ኩሽና ገብቼ ደብቄ በልቼዋለሁ» አለና ፈገግ አለ፣ የሚያስመሰግን ነገር የተናገረ መስሎት።

ክው አልኩ። ያን ዕለት እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ትራስ ነክሼ ሳለቅስ፣ እሱ ኩሽና ውስጥ ድንቼን ይበላ ነበር።

«እና አንድ ቀን እንኳ አልተናገርክም?»

«እማዬን ላለማስቀየም ነዋ» አለኝ፣ ምን ያስገርምሻል በሚል ዓይነት።

አማቴ ሻርፑን ከአፋቸው አወረዱት። ድዳቸው ቢታይም ግድ አልሰጣቸውም። «ስሚኝ ልጄ» አሉ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም። «ዛሬ የሠራሽኝን አውቄዋለሁ። የእጄን ነው ያገኘሁት። ግን እኔ ሳልቀምስ ነው ያጣጣልኩብሽ። እሱ እየጣመው ነው ዝም ያለሽ።»

ስንት ዓመት ሙሉ የዛትኩት በአንድ ሰው ነበር፣ ከጎኔ የሚተኛውን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ሾርባውን አምጥቼ አማቴ ፊት አስቀመጥኩ። ትሪውን ወደ ባለቤቴ እህት ገፋሁላት። ከዚያ ዞሬ የባለቤቴን ሳህን ከነድንቹ ከፊቱ አነሳሁት።

«ምነው? ገና አልበላሁም እኮ» አለ።

«ደብቀህ መብላት ለምደህ የለ? ሰው ሁሉ ሲሄድ ኩሽና ታገኘዋለህ» አልኩት።

እናቱን አየ፣ እናቱ ሾርባቸውን ይጠጣሉ። እህቱን አየ፣ እህቱ ድንቹን ኮርሸም ኮርሸም እያደረገች፣ «ይጥማል» አለች ጮክ ብላ። ሁሉም በልቶ እስኪነሳ ባለቤቴ ያለ ሳህን ቁጭ አለ። ያኔም አንዲት ቃል አልተነፈሰም።