የስንጥቁ መስታወት

ምላሴ ይቆረጥ፣ በዚህ ታሪክ ላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። እንዲያውም እንዳትደነግጡ ቀንሼላችኋለሁ።

ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ የሕንፃችን ነዋሪ በሙሉ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ተኮልኩሏል። የመልሶ ማቋቋም ኮሚቴው ደረጃው ጋ ግድግዳው በተሰነጠቀበት ላይ ስስ መስታወት በጄሶ አጣብቋል። መስታወቷ ደህና ከቆየች ስንጥቁ ረግቷል ማለት ነው፤ ተጠግኖ እንገባለን። ከተሰበረች ግን ገና እየሰፋ ነውና ሕንፃው ይፈርሳል። ታላቅ እህቴ የምትኖረውም፣ ልብስ የምትሰፋውም እዚያው ነው። ሌላ መግቢያ የላትም።

የኮሚቴው ኢንጂነር መስታወቷን ልታይ ስትገባ ነዋሪውን ወክዬ ተከተልኳት። ከእኔ ሌላ ማን ይደፍራል! እህቴም «ቤቴን ልየው» ብላ ከኋላዬ መጣች።

ኢንጂነሯ በባትሪ አብርታ «እስካሁን ደህና ናት» አለች። «እዚሁ ቁሙ፤ ምንም እንዳትነኩ» ብላን ጣሪያውን ልታይ ወጣች።

ጨለማ ዋጠን። አቧራ አንገቴ ውስጥ ብን ብሎ ገባ። ግድግዳው ውስጥ የሆነ ነገር ኩርሽም፣ ኩርሽም ይላል። የእህቴን እጅ ብፈልግ አጣሁት። ላብ አጠመቀኝ፤ በእርግጥ ሙቀት ነበር። ድንገት ከላይ ጓ! አለ። ሕንፃው ምጥ እንደያዘው ጮኸ! ስንጥቁ አፉን ከፍቶ ሲመጣብን በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ጀርባዬን ሰጥቼ አራቱን ፎቅ ብቻዬን ደገፍኩ። «እትዬ፣ ውጪ!» አልኩ። መስታወቷ ከኋላዬ ቀጭ ስትል ሰማኋት።

ወደ አዳራሹ እንደተመለስን ይህንኑ ለኮሚቴው ተናገርኩ። አንዷ ጎረቤታችን አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅሳለች። ሰብሳቢው «እንግዲህ ምን እንጠብቃለን? ነገ ዶዘር ይግባ» አለ።

ኢንጂነሯ ግን ግንባሯን ቋጠረች። «እኔ ላይ ሆኜ ምንም መንቀጥቀጥ አልተሰማኝም። መስታወቷ ግን ተሰብራለች። ሌላ ያየ ሰው አለ?»

እህቴ ከኋላ ወንበር ተነሳች። ድምፅዋ ከመርፌ አይወፍርም።

«አንተ ልጅ፣ የጮኸው ሕንፃው አይደለም፤ አንተ ነህ። የላይኛው በር በነፋስ ድርግም ሲል ደንግጠህ ወደኋላ አልክና መስታወቷን በክርንህ ሰበርካት። ከዚያም ጥለኸኝ ወረድክ። አልፈርድብህም፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ቤቴን አታፍርስብኝ።»

ወደ ኢንጂነሯ ዞረች። «ሌላ መስታወት ይለጠፍ፣ ልጄ። እኔ እጠብቃለሁ።»