የሦስት ቀን ድንኳን

«ድንኳኑ ዛሬ አይነሳም፤ ሰባቱን ቀን ይሞላል» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሼ ለማ፣ ምሰሶውን መታ መታ እያደረጉ። «ለሌላው የሦስት ቀኑ ደንብ ደንብ ነው። ለተሰማ ግን ደንቡን እንተውለት።»

ፋናዬ ከሰሌኑ ላይ ቀና ብላ አየቻቸው። ደስ አላት። በባል ለቅሶ ላይ ደስ ማለት ምን ይሉታል? ግን ደስ አላት። ተሰማ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ድንኳኑ እስከቆመ ድረስ ደብረ ሲና ገበያ ወጥቶ የዘገየ እንጂ የሞተ አይመስላትም። ሸራው ነፋስ ሲገባበት ይነፋል፣ መልሶ ይሟሽሻል፤ የተኛ ሰው ደረት ይመስላል። እሷም ካረፈ ወዲህ ተኛሁም ነቃሁም አትል። ሰው ይገባል፣ ንፍሮ ይዘግናል፣ እግዜር ያጥናሽ ብሎ ይወጣል። ወደ ደሴ የሚያልፍ ካሚዮን አጓርቶ ይርቃል። ከማዶ፣ ከማሽላው በኩል ደግሞ የማይቋረጥ ጫጫታ ይሰማል። ግሪሳ ወፍ ነው። ለሷ ግን ከሩቅ አገር እየመጣ ያለ ለቀስተኛ መሰላት፤ ሲመጣ ሲመጣ የማይደርስ።

የሚገርመው፣ ያን የሦስት ቀን ደንብ ያወጣው ራሱ ተሰማ ነው።

በቀወት አገር የለቅሶ ድንኳን ቆሞ ማሳ መውረድ ነውር ነው። የተሰማ አባት በጥቅምት የሞቱ ጊዜ አገሩ ሁሉ ሰባት ቀን አብሮ ተቀመጠ፤ በስምንተኛው ቀን ወደ ማሽላው ቢወርዱ ያገኙት ባዶ አገዳ ነበር። የባላባቱን ድርሻ የሚተምነው ገማች ግን ገና ዛላው ሙሉ ሳለ አይቶ ገምቶ ሄዷል። ወፍ በላው ቢሉት፣ እኔ ከወፍ ጋር ውል የለኝም አለ። ድርሻውን ለመክፈል በሬያቸው ተሸጠ። የፋናዬ ጡት ደረቀ፤ ክረምቱ ሳይወጣ አራስ ልጇን ቀበረች።

ተሰማ ከዚያ ወዲያ ዝም ያለ ሰው ሆነ። ከርሞ አሊዩ አምባ ወርዶ የወዳጁን የአብዱልወሃብን አባት ለቅሶ ደረሰ። እዚያ ሦስት ቀን ተቀምጠው በአራተኛው ሁሉም ወደ ሥራው ሲሄድ አየ። ተመለሰና እድሩ ፊት ቆመ። «ሦስቱ ቀን ለሟች፣ አራቱ ለቋሚ ይሁን» አለ። «መንገዱን መንግሥት ይሥራልን። ቀናችንን ግን ከኛ በቀር የሚያቃናልን የለም።»

ተሳቀበት። ተሰማ ሊሰልም ነው አሉት። አይ ሰው፣ ለማሾፍ ማን ይቀድመዋል! የነፍስ አባቱ፣ ሠልስትማ የኛም ነው እኮ ቢሉ ጊዜ ነው አፉ ሁሉ የተዘጋው። ደንቡም ጸና።

ደንቡ መጀመሪያ የወደቀው ግን በፋናዬ ጎረቤት በእትዬ ደብሪቱ ላይ ነበር። አንድ ልጃቸውን ወባ ወሰደባቸው። በሦስተኛው ቀን ማንም ድንኳኑን ለመንካት ሲፈራ፣ ተሰማ ራሱ ካስማውን ነቀለ። ልጄን ሁለቴ ቀበርከው ብለው ጮኹበት። ፋናዬም አፈረችበት። በዚያው ቀን ደብረ ሲና ጉዳይ አለኝ ብሎ አራት ቀን ሲጠፋ፣ አኩርፋ ነበርና የት ነበርክ አላለችውም። እትዬ ደብሪቱ ግን ይኸው ስድስት ዓመት የነፋናዬን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም።

አሁን እሳቸው ድንኳኑ በር ላይ ቆመዋል። ገብተው ፋናዬ አጠገብ ተቀመጡና፣ «ጋሼ ለማ፣ ለኔ ልጅ ስንት ቀን ነበር?» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ሦስት» አሉ ጋሼ ለማ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ዛሬ እንኳ ይማሩት» አለች ፋናዬ።

«ቂም መስሎሽ ነው? ያን ጊዜ አራቱን ቀን የት እንደዋለ ታውቂያለሽ?»

«ደብረ ሲና።»

«የኔ ማሽላ ማማ ላይ ነው። ወፍ የሚጠብቅልኝ ልጄ ነበር፤ ልጄ ሞተ። ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ወፍ ሲያድር ወርዶ እዚያው ከማማው ሥር ይተኛል። አንዲት ዛላ አላስነካም። ከጉብታው ወዲህ ሆኜ እያየሁት ውሃ እንኳ አላቀበልኩትም።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ሰባቱን ቀን ሞልቶልኛል፣ ልጄ። አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ የሱን እህል ለወፍ ካበላሽማ፣ እኔ በከንቱ ነዋ ያለቀስኩ።»

ፋናዬ ጆሮዋን ወደ ማሽላው ጣለች። ጫጫታው ከማዶ መጣ፤ አሁን ግሪሳ ሆኖ ተሰማት። ድንኳኑ ከተነሳ ተሰማ የምር ሞተ ማለት ነው፤ ካልተነሳ ደግሞ የደከመበት ሁሉ አብሮት ይሞታል። ብድግ አለች። ጋሼ ለማ ሊከለክሏት እጃቸውን ዘረጉ፣ መልሰው ሰበሰቡት። ገመዱን ፈታች፣ ካስማውን ነቀለች። ሸራው ቀስ ብሎ ተኛ። እትዬ ደብሪቱ አንዱን ጫፍ ያዙ፣ እሷ ሌላውን፤ አጠፉት።

ወንጭፉን ከቤቱ ግድግዳ አውርዳ ወደ ማሽላው ወረደች። እትዬ ደብሪቱ ጣሳ እየቀጠቀጡ በታች በኩል ዞሩ። ማማው ላይ ስትወጣ፣ ተሰማ ሳይታመም ድቡልቡል አድርጎ ያደረቀው የወንጭፍ ጭቃ ተደርድሮ ጠበቃት። በእያንዳንዱ ላይ የአውራ ጣቱ ምልክት አለ። አንዱን አንስታ ወረወረች፤ ግሪሳው እንደ ደመና ተነሳ፣ ዞሮ መጣ። ደግማ ወረወረች። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አንዲት ጭቃ ቀረቻት።

አውራ ጣቷን በምልክቱ ውስጥ አስገባች። ሰፋት። እንዲያ እንደያዘች ቆየች፤ ማሽላው በነፋሱ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ሁሉም ነገር ሩቅ ነው። ግሪሳው ተመልሶ አረፈ።

ጭቃዋን ወንጭፉ ላይ አኖረችና ወረወረቻት።